ሰባቱንም ተራ ለሸጡልን ለክቡር ሥራ አስኪያጃችን

ማክሰኞ፣ ከምርጫው ሁለት ቀን በፊት

ለክቡር አቶ ፕሬስተን ጌልዊክስ
የፖርት ሃሎራን ብረት አቅላጮች ቡድን ዋና ሥራ አስኪያጅ
አዲሱ የመስታወት ሕንፃ፣ ስድስተኛ ፎቅ

ጉዳዩ፦ ስለማይመረጡ ተጫዋቾች የቀረበ ትንበያና አንዲት ትንሽ ልመና

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ጤናዎ እንዴት ነው? ወገብዎስ? በተለይ ደግሞ ያ ሲፈርም ውሎ ሲፈርም ቢያመሽ የማይዝለው ቀኝ እጅዎ እንዴት ሰነበተ? እኔ ከሐይቁ የሚመጣው ንፋስ ትከሻዬን ከመቆርጠሙ በቀር ደህና ነኝ። ደህና ነህ ወይ ብሎ የጠየቀኝ ሰው ባይኖርም፣ ጠያቂ ቢገኝ ኖሮ መልሴ ይኸው ነበር።

ስሜ ዋልተር ሆቫኔክ ይባላል። ሰባ አንድ ዓመቴ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የዚህን ከተማ በረዶ በመኪና ስጠርግ ኖሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። ከስድስት ዓመቴ ጀምሮ የብረት አቅላጮች ደጋፊ ነኝ፤ ይህም ማለት ከስድስት ዓመቴ ጀምሮ ስሸነፍ ኖሬአለሁ ማለት ነው። ከዚህ በፊት ሦስት ጊዜ ጽፌልዎት ነበር። ለሁለቱ መልስ አላገኘሁም፤ ለሦስተኛው ግን «ውድ የቤተሰባችን አባል» የሚል፣ ስሜንም ዋልደን ያደረገ ደብዳቤ፣ መኪና ላይ ከሚለጠፍ የቡድኑ ምልክት ጋር ደረሰኝ። ከልቤ አመሰግናለሁ። የምቀልድ እንዳይመስልዎት፤ የመብራትና የጋዝ ወረቀቱን ትተን በዚያ ዓመት በስሜ የመጡልኝ ደብዳቤዎች ሁለት ብቻ ነበሩ፣ አንዱ የእርስዎ ነው። ሁለተኛው የማን እንደሆነ ቆይቼ እመጣበታለሁ። ይህን ሁሉ የሚያስለፈልፈኝ እሱ ነውና።

እንግዲህ ወደ ጉዳዩ ልግባ። እርስዎ እንደሚያውቁት (ባያውቁትም አልፈርድብዎትም) በየዓመቱ በሚያዝያ የአሜሪካ ፉትቦል ቡድኖች ሁሉ ከየዩኒቨርሲቲው ከሚወጡት ልጆች መካከል በየተራ ይመርጣሉ። ሰባት ዙር ነው፤ በየዙሩ ለአንድ ቡድን አንድ ተራ። ባለፈው ዓመት አብዝቶ የተሸነፈ ቀድሞ ይመርጣል። ዓመቱን ሙሉ ተደብድበን የምናተርፋት ነገር ብትኖር ይህች ተራ ብቻ ናት። እርስዎ ታዲያ በመጋቢት ሰባቱንም ተራ እንደ ዶሮ እግራቸውን ጠፍንገው አስረው በአንድ ሰው ለወጧቸው፤ በግራንት ቬስተርጋርድ። ኳስ ወርዋሪ ነው፣ ሠላሳ ሰባት ዓመቱ ነው፣ ቀኝ ጉልበቱ ሦስት ጊዜ ተቀዷል። በጋዜጣም «ነገን አንጠብቅም፤ ዛሬውኑ እናሸንፋለን» አሉ። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ይባላል። እርስዎ በእጅዎ የነበረውን አንድ ሳያስቀሩ ስለለቀቁ ሞኝ አለመሆንዎ በዚህ ተረጋግጧል፤ እኔም ለሚጠይቀኝ ሁሉ ይህንኑ እመሰክራለሁ።

ቅሬታዎቼ ሦስት ናቸው። ጊዜዎን ላለመሻማት በቁጥር አስቀምጫቸዋለሁ።

አንደኛ።

የመጀመሪያው ቅሬታዬ ሟቹን አባቴን ማቲያስ ሆቫኔክን ይመለከታል። ከብረት ማቅለጫው ጡረታ የወጣ ሰው ነበር፤ ከዘጠኝ ዓመት በፊት በመጋቢት መጀመሪያ በሰማንያ ስምንት ዓመቱ ዐረፈ። ኑዛዜው አንዲት ብቻ ነበረች፤ «ክራቫት አስራችሁ እንዳትቀብሩኝ፣ በማልያ ቅበሩኝ» የምትል። ታላቅ ወንድሜ ኤሚል፣ አባባ አርባ ዓመት የለበሳትን የድሮውን ተጫዋች የስታን ዱብቻክን ማልያ፣ ሠላሳ አራት ቁጥሯን እናልብሰው አለ። ክርኗ የተቀደደ፣ ደረቷ ላይ የሰናፍጭ እድፍ ያለባት ማልያ ናት። እኔ ደግሞ «አባባን በቡትቶ አልቀብርም» አልኩና ሄጄ አዲስ ገዛሁ። ስምንት ቁጥር፣ ዳሪየስ ሎክሪጅ። ያኔ ከተማው ሁሉ አፉን የሚፈታው በሎክሪጅ ነበር። እርስዎም በቴሌቪዥን ቀርበው «ሎክሪጅ የትም አይሄድም፤ እዚሁ ያረጃል» ብለው ነበር፣ አመንኩዎት። አባባ በስምንት ቁጥር ተገንዞ፣ አምሮበት፣ ተቀበረ።

በተቀበረ በአሥራ ስድስተኛው ቀን ሎክሪጅን ሸጡት። ለማን? ለካርቨር ሲቲ ተኩላዎች! ለሌላ ለማንም ቢሸጡት ኖሮ እኮ ዕጣ ፈንታ ነው ብለን እናልፈው ነበር። «የፊት ወዳጅህን በምን ቀበርከው? በሻሽ፤ የኋለኛው እንዳይሸሽ» ይላሉ። እኔ አባቴን በማልያ ቀበርኩት፣ የማልያው ባለቤት ሸሸ፣ ወንድሜም ተከትሎት ሸሸ።

ኤሚል ያን ዕለት ደወለልኝ።

«ዎሊ፣ ዜና ሰማህ?»

«ሰማሁ።»

«አባባ ምን ለብሶ ነው የተኛው?»

ስልኩን ከአንዱ ጆሮዬ ወደ ሌላው አዛወርኩ።

«ንገረኛ! ምን ለብሶ ነው የተኛው?»

«ኤሚል፣ እኔ በምን ላውቅ…»

«የከዳተኛ ስም ጀርባው ላይ ተለጥፎ! እስከ ዕለተ ምጽአት! የተቀደደችው ማልያ ምን አደረገችህ?»

ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋው። በማግስቱ ሠላሳ አራት ቁጥሯን በፌስታል ይዞ መቃብር ቤቱ ቢሮ ሄዶ፣ ሣጥኑ ተከፍቶ ልብሱ እንዲቀየርለት ጠየቀ አሉ። ጽሕፈት ቤት ያለችው ልጅ «የፍርድ ቤት ትእዛዝ ይዘዋል?» ብትለው ፌስታሉን ይዞ ተመለሰ። ይህን የነገረኝ ጉድጓድ ቆፋሪው ነው። ወንድሜማ ከዚያ ወዲህ ስልክ ደውሎልኝ አያውቅም። የሚኖረው በመኪና አርባ ደቂቃ ርቀት ላይ ነው። ባለቤቴ ጆአን ከስድስት ዓመት በፊት ስትሞት ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ የመጨረሻው ወንበር ላይ ተቀምጦ አየሁት። ምግቡ ሳይቀርብ ሄደ።

እውነቱን ልንገርዎት፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። ክርኗ ቢቀደድስ? መርፌና ክር ጠፍቶ ነበር? ጆአን በአምስት ደቂቃ ትሰፋው ነበር እኮ! ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ይህን ሳስብ ኖሬአለሁ። ብቻዬን መሸከሙ ስለከበደኝ፣ የጥፋቱን እኩሌታ ለእርስዎ ባካፍልዎ እንደማይቀየሙኝ ተስፋ አደርጋለሁ። ሸክሙ ለእርስዎ ቀላል ነው፤ ረዳት ሥራ አስኪያጆች አሉዎት።

ሁለተኛ።

ይህን ቅሬታ ለመረዳት ስለ ካርዱ ማወቅ ይኖርብዎታል። ልጆች ሳለን አባባ የደነገገው ሕግ አለ። ምርጫው ከመድረሱ በፊት እኔና ኤሚል እያንዳንዳችን ካርድ ላይ ሰባት መስመር አስምረን ቡድናችን በየዙሩ ማንን እንደሚመርጥ እንጽፋለን። ላገኘ አንድ ነጥብ። ቡድኑ ተራውን ለሌላ በሸጠበት ዙር መስመሩን ባዶ ለተወም አንድ ነጥብ። የተሸነፈ ሰው በዓመቱ የመጀመሪያ በረዶ ሲጥል የአሸናፊውን ደጅ በአካፋ ይዝቃል፣ እኩል ከወጡ ሁሉም ለየደጁ። ደግሞ ታላቅ ሳይጀምር ታናሽ አይጀምርም፤ የኤሚል ካርድ ሳይደርሰኝ የእኔን አልሰጥም። ጎጆ ከወጣን በኋላም በፖስታ ቀጠልንበት።

አባባ በተቀበረበት ዓመት ካርድ ይመጣል ብዬ አልጠበቅኩም ነበር። መጣ። ሰላምታ የለው፣ «እንደምን አለህ» የለው፣ ሰባት መስመር፣ ሰባት ስም። እኔም ሰባት ስም ጽፌ መለስኩ። ይኸው ዘጠኝ ዓመት፣ በዓመት አንድ ካርድ ከእሱ፣ አንድ ካርድ ከእኔ። ከእርስዎ ተለጣፊ ጋር በዚያው ዓመት የደረሰኝ ሁለተኛው ደብዳቤ እንግዲህ ይህ ነው። በኅዳር በረዶ ሲጥል የተሸነፈው አካፋውን ጭኖ ይሄዳል፣ ይዝቃል፣ በር ሳያንኳኳ ይመለሳል። እኔ እሱ ደጅ ስዝቅ መጋረጃው ሲነቃነቅ አያለሁ። እሱ እኔ ደጅ ሲዝቅ የእኔ መጋረጃ ይነቃነቅ እንደነበር መቼም አይጠፋውም። ሰው እንዲህም ወንድም ሊሆን ይችላል ክቡር ሆይ፣ ምን ይደረግ።

ከአራት ዓመት በፊት ኤሚል ልቡን ታመመና በደም ሥሩ ውስጥ ቱቦ አስገቡለት። ልጁ ማርሊን ደውላ ነግራኛለች። በረዶ መዛቅ ለእንዲህ ያለ ልብ መርዝ ነው፤ በረዶ ስጠርግ በኖርኩበት ዘመን አካፋቸውን እንደያዙ ደጃቸው ላይ የወደቁ ሰዎችን ሁለት ጊዜ በዓይኔ አይቻለሁ። ስለዚህ ከዚያ ዓመት ጀምሮ ሆን ብዬ መሸነፍ ጀመርኩ። እርስዎ የመሸነፍ ሊቅ ስለሆኑ ይህ ቀላል ሊመስልዎት ይችላል። ለእኔ ግን ሥራ ነበር። ቁጭ ብዬ ጤነኛ ሰው በምንም ተአምር የማይመርጣቸውን ልጆች እፈልግ ነበር፤ ጉልበቱ የተሰበረውን፣ ፖሊስ የሚፈልገውን፣ ኳስ ትቼ ሰባኪ እሆናለሁ ያለውን።

ካቻምና በሁለተኛው ዙር መስመር ላይ አንድ ለጊ ጻፍኩ። ለጊ! በእኛ ጨዋታ ኳስ በእግሩ የሚለጋ ሰው ለቡድኑ የእንጀራ ልጅ መሆኑን፣ በሁለተኛ ዙር የሚመርጠውም እብድ ብቻ መሆኑን እንኳን እኔ የጆአን ድመት ታውቀዋለች። አምስተኛው መስመር ላይ ስም አልመጣልህ ቢለኝ ባዶ ተውኩት። እርስዎ ምን አደረጉ? ለጊውን በሁለተኛው ዙር መረጡት። በማግስቱ ደግሞ አምስተኛውን ተራ ሸጡት። ኤሚል አንድ፣ እኔ ሁለት። በሕይወቴ አሸንፌ እንደዚያን ቀን ደንግጬ አላውቅም።

ኅዳር ላይ አንድ ጠዋት መስኮቱን ስከፍት ኤሚል ደጄ ላይ ቆሟል፤ በልቡ ቱቦ፣ በእጁ አካፋ። መጋረጃ ውስጥ መደበቁን ትቼ ወጣሁ።

«ኤሚል፣ ተው። ልብህን እኮ…»

«ልቤ ምን ሆነ?»

«ሐኪሙ በረዶ እንዳትዝቅ ብሎሃል።»

«ሐኪሙ ካርድ አልላከልኝም።»

አካፋዬን ላመጣ ስዞር «እንዳትነካ!» ብሎ ጮኸብኝ። «ተሸንፌአለሁ አይደል? የአባባ ሕግ ነው።» ከዚያ ትንሽ ዛቀ፣ ፊቱ አመድ መሰለ፣ አካፋውን ተደግፎ ቆመ።

«ለጊውን ከየት አመጣኸው?» አለኝ።

«ለቀልድ ነው የጻፍኩት።»

«እነሱም የመረጡት ለቀልድ ነው።»

አልሳቀም፤ እኔም አልሳቅኩም። ደጄን እስከ መንገዱ ድረስ ጨርሶ ዝቆ፣ አካፋውን ጭኖ ሄደ። እኔ ኮት ሳልለብስ በረንዳው ላይ ቆሜ፣ ቢወድቅ ልደውል ስልኬን በእጄ ጨብጬ ነበር የማየው። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ከወንድሜ ጋር ፊት ለፊት የተነጋገርነው ያንን ብቻ ነው። ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ በለጊው ምክንያት ወንድሜን ሊገድሉብኝ ነበር ብዬ ልክሰስዎ፣ ወይስ በለጊው ምክንያት ድምፁን ሰማሁ ብዬ ላመስግንዎ፣ እስካሁን አልወሰንኩም። አምና እግዜር ይመስገን ተሳክቶልኝ ተሸነፍኩ።

ሦስተኛ።

አሁን ዘንድሮ ላይ ደርሰናል። ሰባት ተራ የለም። ተራ ከሌለ የሚገመት የለም፣ የሚገመት ከሌለ ካርድ የለም፣ ካርድ ከሌለ ተሸናፊ የለም፣ ተሸናፊ ከሌለ በኅዳር ማንም ወደ ማንም ደጅ አይሄድም። የኤሚል ካርድ በየዓመቱ ከምርጫው ሁለት ሳምንት በፊት ሰኞ ዕለት ይደርስ ነበር። ዛሬ ማክሰኞ ነው፣ አሥራ አምስት ቀን አለፈ፣ ምርጫው ከነገ ወዲያ ነው። ፖስታ አዳይዋ ዶሪን መኪናዋን ደጄ ላይ ስታቀዘቅዝ ሳጥኑ ጋ ቀድሜ እደርሳለሁ። «የለም ዎሊ» ትለኛለች፤ አሁን አሁንማ ሳትናገር ራሷን ብቻ ትነቀንቃለች። እኔ በራሴ ልጀምር እንዳልል ታላቅ ሳይጀምር ታናሽ አይጀምርም። ይህችን አንዲት ሕግ ካፈረስኩ ከአባባ የቀረኝ ምንም የለም።

ባለፈው ዓርብ በደብራችን አዳራሽ ዓሣ ለመብላት ሄጄ ነበር። ሥጋ ሻጩ ጋስ ታርኖቭ ገና ከበር ሲያየኝ ጀመረኝ።

«ዎሊ፣ ዘንድሮ ትንበያህን ምን ላይ ልትጽፈው ነው? አየር ላይ?»

አዳራሹ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅኩ፤ ምን ላድርግ? ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገና «የኤሚል ካርድ መጣ?» አለኝ።

«መጥቷል እንጂ» አልኩት።

ዋሸሁ ክቡር ሆይ። በሰባ አንድ ዓመቴ፣ ዓሣ ፊቴ አስቀምጬ፣ በደብር አዳራሽ ውስጥ ስለ ካርድ ዋሸሁ። ዓሣውን አልጨረስኩትም።

ያም ሆኖ ደጋፊ ደጋፊ ነውና የዘንድሮ ትንበያዬን ከዚህ በታች በአክብሮት አቀርባለሁ። ተንታኞችዎ እንዲመዝኑት እጋብዛለሁ፤ ዘንድሮ ሥራ እንደማይበዛባቸው አውቃለሁ።

አንደኛ ዙር፣ ሐሙስ፦ ማንም። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ የሌላ ከተማ ልጆች ስማቸው ሲጠራ፣ እናቶቻቸው ሲያለቅሱ አያለሁ። ሶፋው ለሦስት ሰው የተሠራ ነው። መሀሉ ላይ ነው የምቀመጠው፤ ግራና ቀኙ እኩል ባዶ ሲሆን ዓይን ውስጥ አይገባም።

ሁለተኛና ሦስተኛ ዙር፣ ዓርብ፦ ማንም። ቋሊማ በጎመን እሠራለሁ። ለአንድ ሰው የሚሆን ጎመን ማብሰል እንደማይቻል በስድስት ዓመት ሙከራ አረጋግጫለሁ፤ ስለዚህ እስከ ማክሰኞ ጎመን እንደምበላ አብሬ እተነብያለሁ።

ከአራተኛ እስከ ስድስተኛ ዙር፣ ቅዳሜ፦ ማንም፣ ማንም፣ ማንም። በዚህ መሀል እንቅልፍ ይወስደኛል።

ሰባተኛ ዙር፦ እዚህ ላይ ነው ልመናዬ።

ክቡር ሆይ፣ አንዲት ተራ ይግዙልኝ። አንደኛ ዙር አልልም፤ የማይሆን ነገር ለምኜ አላስቸግርዎትም። የሰባተኛው ዙር የመጨረሻዋን፣ ሁሉም ሰው ቴሌቪዥኑን አጥፍቶ ከተነሣ በኋላ የምትጠራዋን፣ ቡድኖች ሁሉ በነፃ ቢሰጧቸው የሚያቅማሙባትን ያችን አንዲት ተራ። የፈለጉትን ይምረጡባት። ሌላ ለጊ ይምረጡባት። አንድ ተራ ካለ አንድ የሚገመት ስም ይኖራል፣ አንድ የሚገመት ስም ካለ ኤሚል ብዕር ያነሣል፤ አውቀዋለሁ፣ ልማዱን አይተውም። ለእርስዎ አንድ ፊርማ ናት። ለእኔ አንድ ወንድም ነው። ስልክ ቁጥሬን ከስሜ ሥር አስፍሬአለሁ። ሐሙስ በማንኛውም ሰዓት ቢደውሉ በመጀመሪያው ጥሪ አነሣለሁ፤ ቤት ውስጥ ብቻዬን ስለሆንኩ የሚያዘገየኝ ነገር የለም።

ስለ ትዕግሥትዎ፣ ስለ ተለጣፊውና ስድሳ አምስት ዓመት ስላጠጣችሁኝ ትሕትና ሁሉ አመሰገንኩ። የአቶ ቬስተርጋርድን ጉልበት እግዚአብሔር ቢያንስ እስከ መስከረም ያቆይልን።

ለክብርዎ ከሶፋው ለመነሣት እየሞከረ ያለው፣ ሁልጊዜም ተሸናፊ፣ አንዳንዴም ሆን ብሎ ተሸናፊ የሆነው ታዛዥዎ፣

ዋልተር ሆቫኔክ
(ዋልደን አይደለም)

ግልባጭ፦
— ለከተማችን ጋዜጣ፣ ቦታ ካላቸው
— ለደብሩ አዳራሽ ማስታወቂያ ሰሌዳ፣ ጋስ ታርኖቭ ቆሞ በሚበላበት በኩል
— ለአቶ ማቲያስ ሆቫኔክ፣ ካሉበት
— ለአቶ ኤሚል ሆቫኔክ፦ አልተላከም፤ ምክንያቱ ከላይ ተገልጿል

ተጨማሪ ማስታወሻ፣ ረቡዕ ጠዋት፦

የእርስዎ ፖስታ ታሽጎ፣ ቴምብር ተለጥፎበት ጠረጴዛው ላይ ሳለ፣ ዶሪን የመኪናዋን ጥሩምባ እየነፋች መጣች። ገና ሳትቆም በመስኮት «ዎሊ! ኧረ ና ውጣ! መጣልህ!» ብላ ጮኸች። በነጠላ ጫማ ሮጥኩ። የእርስዎን ፖስታ ቀድጄ የከፈትኩት ይህን ልጽፍልዎት ነው።

የኤሚል ካርድ ነው። ሰባት መስመር አለው። በሰባቱም መስመር ላይ የተጻፈው አንድ ስም ነው፦ ዳሪየስ ሎክሪጅ። ሰባት ጊዜ፣ በዚያ በጎባጣ የእጅ ጽሑፉ። ሎክሪጅ አርባ ዓመቱ ነው፤ መጫወት ካቆመ ሦስት ዓመት ሆኖታል፤ ካርቨር ሲቲ ውስጥ መኪና ይሸጣል። ኤሚል ይህን ከእኔ በላይ ያውቃል። ባዶ ካርድ ቢልክ ሰባት ከሰባት እንደሚያገኝም ያውቃል። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ማናችንም አፋችን ላይ ያላመጣነውን ስም ሰባት ጊዜ ጽፎ፣ ሰባት ለባዶ ሊሸነፍልኝ፣ በኅዳርም ደጄ ሊመጣ ፈለገ፤ አካፋውን ግን እኔ እይዝለታለሁ። ሳቅኩ፤ ከዚያ ሳጥኑ አጠገብ ቆሜ አለቀስኩ። ዶሪን ሞተሯን አጥፍታ ጠበቀችኝ።

ከሰባቱ መስመር በታች፣ በዘጠኝ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ጨምሯል። «ሐሙስ የሚጀምረው ስንት ሰዓት ላይ ነው?» ይላል። የዚህ ምርጫ መጀመሪያ ሰዓት ኤሚል ተወልዶ እስካሁን ጠፍቶት አያውቅም። ደወልኩለት። «ሁለት ሰዓት» አልኩት። «እሺ» አለኝ። ጎመኑን በትልቁ ድስት ጥጃለሁ።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ ከላይ ያቀረብኩትን ልመና ሙሉ በሙሉ አንሥቻለሁ። እባክዎን አንድም ተራ እንዳይገዙ። እርስዎን ስለማውቅዎ፣ አንዲት ተራ እጅዎ ከገባች የአርባ ዓመቱን ሎክሪጅን ከመኪና መሸጫው ጠርተው ይመርጡትና ለወንድሜ ነጥብ ያስቆጥሩለታል። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ደጋፊ የምጠይቅዎ ምንም እንዳይሠሩ ነው፤ በዚህ ደግሞ አቻ እንደሌለዎት እመሰክራለሁ።

ስልክ ቁጥሬንም ሰርዤዋለሁ። ምናልባት ሰርዤውም አንብበውት ሐሙስ ቢደውሉ አላነሣም፤ እንግዳ አለብኝ።